ዘጠኝ ቁጥር ስም ነው እንዴ?

አያቴ ኳስ ተጫውቼ ስመለስ ማን እንዳሸነፈ ጠይቀውኝ አያውቁም። ሲኤምሲ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከተጋጣሚዎቻችሁ ውስጥ ማን ጎበዝ ነበር?»

መጀመሪያ ሰሞን «ዘጠኝ ቁጥሩ» ብዬ አለፍኩ። «ዘጠኝ ቁጥር ስም ነው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የኮሌጃችን የቅዳሜ ጨዋታ ሲያልቅ ወደ ተጋጣሚዎቻችን እየሄድኩ ስም መጠየቅ ለመድኩ።

አንድ ቅዳሜ የሌላ ዲፓርትመንት ተከላካይ ጠልፎ ጣለኝ። ተሸነፍን። ብናደድም የዕለቱ ጎበዝ እሱ ስለነበር እያነከስኩ ሄጄ ስሙን ጠየቅኩት።

«ምነው፣ ልትከሰኝ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ አያቴ ይጠይቁኛል።»

ሳቀ። «ናሆም ነኝ፤ ከየካ አባዶ ነው የምመጣው በላቸው።»

አያቴ ይህን ሲሰሙ «ከዚያ ድረስ በታክሲ ተጋፍቶ መጥቶ ነው እንዲህ የሚጫወተው?» ብለው ተደነቁ።

ለምን እንደሚጠይቁኝ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። እሳቸውም በወጣትነታቸው ተጫውተው ይሆን? ስሙን ሳይጠይቁት የቀረ ተጋጣሚ ነበራቸው? መልሱን ይዘውት ሄዱ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ወደ ሜዳ ተመለስኩ። አሸነፍን፤ ግን ቤት ስገባ በረንዳው ላይ የሚጠይቀኝ እንደሌለ አስቤ እግሬ ከሜዳው አልወጣ አለኝ። የዕለቱ ተጋጣሚያችን የነበረው ናሆም ወደ እኔ መጣ። መሞታቸውን አልሰማም ነበር።

«እሺ፣ ዛሬስ ለአያትህ ማንን ልትነግራቸው ነው?» አለኝ።

«አንተን» አልኩት። ማረፋቸውን የነገርኩት ቆይቼ ነው።