ከለቅሶ ድንኳን የተነሳው ፎቶ

ከቤታችን ጀርባ ያለው ባዶ መሬት የእኛ አልነበረም። ማለቴ፣ የመንግሥት ነበር፣ የምንጠቀምበት ግን እኛ ነበርን። ሰፈራችን ግቫት ጺዮን ያሉት የድሮ ፎቆች ሳሎናቸው ጠባብ ነው። ከእኛ፣ ከጎንደር ከመጣነው፣ ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ከሃይፋም ከቤር ሼቫም በአውቶቡስ ይመጣል፤ ያ ሁሉ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይገባም። ለሠርግ አዳራሽ እንከራያለን። ለለቅሶ ግን ድንኳኑ የሚተከለው እዚያ መሬት ላይ ነበር።

እዚያ ላይ ዳታ ሴንተር ሊሠራ መሆኑን መጀመሪያ የሰማው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰው ሁሉ ገና ተጣጣፊ ስልክ የያዘበት ጊዜ ነበር፤ ዳታ ሴንተር ምን እንደሆነ የሚያውቅ በሰፈሩ አልነበረም። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ጋ ቆሞ ያስረዳ ነበር።

"ኮምፒውተር ብቻ የሚቀመጥበት ትልቅ ሕንጻ ነው። እንዳይግል ቀንና ሌሊት ማቀዝቀዣ፣ ማዝጋን፣ ይነፋበታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የናፍጣ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ከመኝታ ቤታችሁ መስኮት ሥር።"

"ሰው አይኖርበትም?" አሉ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ።

"ዘበኛ ብቻ።"

"እኛ በዚህ አገር ሐምሌ እየተጠበስን ማዝጋን ለኮምፒውተር? እንግዲያው እኔንም አብረው ያስገቡኝ!"

"አንቺ ከገባሽማ ጄኔሬተር አያስፈልግም፤ አፍሽ ይበቃል" አሉ ጎናቸው የተቀመጡት ጋሼ።

ሁሉም ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ፣ ግን አልተወውም። ማታ ማታ በየበሩ እያንኳኳ ሰው ለመነ። "የከተማው የፕላን ኮሚቴ ሲሰበሰብ መጥታችሁ ተቀመጡልኝ እንጂ የምናገረው እኔ ነኝ" ይላቸው ነበር።

ስብሰባው ሳይደርስ ሞተ። ከሚሠራበት ፋብሪካ ሲመለስ፣ መንገድ ላይ፣ ከኋላው በመጣ መኪና። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ድንኳኑ እዚያው መሬት ላይ ተተከለለት። አባቴና እኔ እንደ አይሁድ የለቅሶ ሕግ ሸሚዛችንን ከአንገቱ ቀደን ፍራሽ ላይ ተቀመጥን።

በእኛ ዘንድ ለቅሶ የመጣን ሰው ማን ነህ፣ ለምን መጣህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የመጣ ሁሉ ሊያለቅስ ነው የመጣው። ተቀበል፣ አስቀምጥ፣ ንፍሮ ስጥ፤ በቃ። በሺቫው፣ በሰባቱ የለቅሶ ቀናት፣ መሐል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥሩ ሸሚዝ የለበሱ ሁለት ፈረንጆች ገቡ። "የፋብሪካው አለቆች ናቸው" ተባለና ከፊት ተቀመጡ። ንፍሮ ተሰጣቸው፤ በሉ። አንደኛው ካሜራ ይዟል። ያም አልገረመንም፤ ጎንደር ለቀሩት ዘመዶቻችን ለመላክ ለቅሶ እናስቀርጻለን። አባቴ ከፍራሹ ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ እጅ ነሳቸው። ስለ መሬቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ እዚያው ነበርኩ። አንድ ቃል።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ወንድሜ የለመናቸው ሁሉ መጡ። አባቴ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ዳታ ሴንተሩን የሚሠራው ድርጅት ሰው ተነስቶ ስለ ሕንጻው አወራ፤ ስለ ሥራ ዕድል፣ ስለ ዘመናዊነት። በመጨረሻ "ከነዋሪዎቹ ጋር ቦታው ድረስ ሄደን ተቀምጠናል። ሽማግሌዎቹ በክብር ተቀብለውናል፣ አብረናቸው በልተናል፣ ተቃውሞ አልሰማንም" አለና ግድግዳው ላይ ፎቶ አበራ።

ድንኳኑ ነበር። አባቴ እጁ ደረቱ ላይ፣ አጎንብሶ። አሁን ፊታችን የቆመው ሰውዬ ደግሞ የንፍሮ ሳህን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ።

አባቴ ክንዴን ያዘ። "ይሄ እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባባ።"

"ምንድን ነው የሚለው?"

"ተስማምተዋል ነው የሚለው።"

"ማን?"

"እርስዎ።"

ግድግዳውን አየ። "ልጄን እኮ ነው የቀበርኩት" አለ፣ ለእኔም አይደለም፣ ለማንም።

ተነሳሁ። ዕብራይስጥ የተማርኩበት ቋንቋ ነው፤ በወንድሜ ቦታ ቆሜ የምለውን ቤት ውስጥ ደጋግሜ አጥንቼው ነበር። ያን ሁሉ ተውኩት። ፎቶው ድረስ ሄጄ ጣቴን የአባቴ ሸሚዝ አንገት ላይ፣ ቅዱ ላይ አደረግሁ። ቅዱ ከኋላ ወንበር ይታይ ነበር፣ ፎቶው ያን ያህል ትልቅ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀደደ አንገት ምን እንደሆነ የማያውቅ አይሁዳዊ አልነበረም።

"ሺቫ" አልኩ። "የወንድሜ ሺቫ ነው። እጅህ ላይ ያለው... የወንድሜ ንፍሮ ነው።"

ሰውየው ቀላ። "አላወቅንም" አለ። "የሆነ በዓላችሁ መስሎን ነበር።"

ይህን ከጎናቸው ያለ ሰው ሲተረጉምላቸው እትዬ ከመቀመጫቸው ተነስተው ወደ እኔ ጮኹ። "በዓል! ልብሳችንን ቀደን፣ ደረት እየመታን ነው በዓል የምናከብረው? ተርጉምለት! አንድም ሳታስቀር ተርጉምለት!"

አልተረጎምኩለትም። ገብቶታል። ድሮም ገብቶት ነበር፤ እስከ ዛሬ የማምነው ይህንን ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ፎቶውን አስጠፋች፤ የነዋሪዎቹ ስምምነት የተባለውን እንደማትቀበለው ተናግራ ጉዳዩን ወደ ሌላ ቀን አስተላለፈች። በዚያ ክረምት ድርጅቱ ሐሳቡን ትቶ ሌላ ቦታ ሄደ። ሰፈሩ አሸነፍን ብሎ ተደሰተ። አባቴን ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ግን የለም፤ ደጃችንን ያንኳኳ አንድ ሰው የለም።

የወንድሜን የዓመት ተዝካር እዚያው መሬት ላይ አደረግን። አባቴ ከውስጥ አልቀመጥም ብሎ የድንኳኑ በር ላይ ወንበር አስወጣ። ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ፈረንጅ ብቻውን መጣ። አባቴ ተነሳ። እጁን ደረቱ ላይ አላደረገም።

"ለማን ነው የመጣኸው?" አለው በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጡ።

ልጁ ደነገጠ። የወንድሜን ስም ጠራ። አንድ ማሽን ላይ አብረው ይሠሩ እንደነበር ሲናገር ዓይኑ ሞላ። አባቴ እጁን ይዞ አስገባው፤ ራሱ አስቀመጠው፣ ንፍሮውን ራሱ ሰጠው። ከዚያ ወደ በሩ ተመልሶ ቀጥሎ የመጣውን ሰው፣ የእኛኑ ሰው፣ እንደዚያው ጠየቀው።