ሳነቴ ላይ የደነዘዙት ዓሣዎች

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በበጋ ነው። እንደዚያን ቀን የደነገጥኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ እንደዚያን ቀን እፎይ ያልኩበትም የለም።

ደሎ መና ውስጥ ከስድስት ሴት ጎረቤቶቼ ጋር የዓሣ ኩሬ ቆፍረናል። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሴቶቹን እጃቸው እስኪላጥ ያስቆፈርኳቸው እኔው ስለሆንኩ፣ ጫጩት ዓሣዎቹን ከሮቤ ማምጣትም በእኔ ላይ ወደቀ።

ሮቤ ዓሣዎቹን ያስረከበኝ ባለሙያ የተጫኑበት በርሜል ውስጥ የቅርንፉድ ዘይት በልክ ጠብ አደረገ። በመንገድ እንዳይጨነቁ ያደነዝዛቸዋል አለኝ። የተረፈውን ዘይት ለሌላ ጊዜ ብሎ ሰጠኝና፣ «ዛሬ ምንም እንዳትጨምሪ። ድንገት ከተዝለፈለፉ ውሃውን ቀይሪላቸው» ብሎ ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ጫነልኝ።

በርሜሉን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በአይሱዙ ተነሣን። ከጎባ ወጣ እንዳልን አስቁሜ ከፍቼ ሳይ ዓሣዎቹ ይራወጣሉ። ዘይቱ አልሠራም አልኩ። ሻይ ላይ ቅርንፉድ እንደምጨምረው ከተረፈው ዘይት በግምት ጨመር አደረግኩበት። ጨምሪ ያለኝ ሰው አልነበረም፣ እኔ ግን ችኩል ነኝ።

ከጎባ በላይ ሳነቴ አምባ ላይ ደግሜ ስከፍት ሁሉም በጎናቸው ተንሳፍፈዋል።

«ሞተዋል እኮ። እንድፋቸውና እንሂድ» አለ ሾፌሩ።

የእነዚያ ሴቶች ፊት መጣብኝ። ምን ብዬ ነው የምገባው?

ከጎባ አብረውን የተሳፈሩ ኦቦ ከድር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት ጥርሳቸውን አስነቅለው ጉንጫቸው አብጧል። ወርደው በርሜሉ ላይ አጎነበሱ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንገታቸው ሥር እዪ፣ ይተነፍሳሉ። እኔም ሐኪሙ አደንዝዞኝ ይኸው ጉንጬ ያለ አይመስለኝም። ሞቻለሁ እንዴ?»

የባለሙያው ቃል ያኔ ትዝ አለኝ። ግማሹን ውሃ ደፍተን የጀሪካኑን ገለበጥንበት። ኦቦ ከድር በዚያ ብርድ እጅጌያቸውን ሰብስበው ውሃውን ያማስሉ ጀመር። እኔ በልቤ እጸልያለሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዷ ጭራዋን ወዘወዘች፤ ከዚያ ሌላዋ። ሐረና ጫካ ስንደርስ ሁሉም ይዋኙ ነበር። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ኩሬው ዳር ሴቶቹ እልል አሉ። «እንዴት አድርገሽ ነው በደህና ያደረስሻቸው?» ሲሉኝ ዞር ብዬ የበርሜሉን ብርድ ልብስ መፍታት ጀመርኩ። ኦቦ ከድር ያበጠ ጉንጫቸውን ይዘው፣ «ጎበዝ ልጅ ናት» ብለው መንገዳቸውን ሄዱ። ስላላጋለጡኝ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ጎረቤቶቼ ይህን ካነበቡ ጉዴ ፈላ። ይፍላ፤ ዓሣዎቹ እንደሆኑ በሕይወት አሉ።