ኦቦ ቶኩማ ጀርባቸውን የሰጡን ሰሞን

ኦቦ ቶኩማን የማያውቅ የአምቦ ሰው ካለ ታሞ የማያውቅ ሰው ነው። በሆስፒታላችን ፋርማሲ መስኮት ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቆመዋል። የፋርማሲ ቴክኒሻን ናቸው። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ሙሉወርቅ እባላለሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት ከጎናቸው ሠርቻለሁ። እውነቱን ልናገር? እኚህ ሰው ለአንዱ በሽተኛ መድኃኒት ሰጥተው እስኪጨርሱ፣ ወረፋ የቆመው ሌላው በሽተኛ በራሱ ጊዜ ይድን ነበር። ሰላምታቸው ነዋ! "አከም ቡልተን? ፈያዳ? ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?" እንዴት አደርክ ሳይባል፣ ልጆቹ ደኅና መሆናቸው፣ ከብቱ ደኅና መሆኑ፣ በቆሎው መብቀሉ ሳይጣራ ኪኒን የለም። እኔ ከኋላ ሆኜ "ኧረ ኦቦ ቶኩማ፣ ሰዉ ቆሞ ደረቀ!" ስል፣ "ሰው ነው እኮ ሙሉ፣ ካርቶን አይደለም" ይሉኛል።

በ2015 ዓ.ም. ሰልሳቢል መጣችብን። ፋርማሲስት ናት፤ አባቷ ገበያው ዳር ጨርቅ ይነግዳሉ። ገና ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ድምፅዋ አይሰማም፣ የያዘችውን ግን ወይ ፍንክች! ከአሁን በኋላ አንዱ ያዘጋጀውን መድኃኒት ሌላው ከማዘዣው ጋር ሳያመሳክር ከመስኮት አይወጣም አለች። አመሳካሪው ደግሞ መጀመሪያ ይሠለጥናል። ሁለት መቶ ማዘዣ በተከታታይ ያያል፤ እሷ በመሀል በመሀል ሆን ብላ ስህተት ትከትበታለች። አንዷ ስህተት ካመለጠችው ወደ አንድ ቁጥር ይመለሳል። ትክክለኛውን ስህተት ነው ካለም ያው ወደ አንድ ነው። እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ሁለት መቶ ያልሞላ ሰው መስኮቱን ይለቅና መጋዘን ይመደባል።

በዕድሜ ቀዳሚው ኦቦ ቶኩማ ስለሆኑ ሥልጠናው በሳቸው ተጀመረ። መጋዘን የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወደኔ ጠጋ ብለው፣ "እዚያ ማንን ነው አከም ቡልተ የምለው?" አሉኝ። እኔ ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ እራት ስበላ ግን አንጀቴን በሉት።

በስልሳ ሦስተኛው ማዘዣ ወደቁ። ከባኮ የመጣ ገበሬ መስኮቱ ላይ ቆሞ ነበር። በቆሎው ተምች እንደያዘበት ሲነግራቸው፣ ሠላሳ መሆን የነበረበት ኪኒን ሃያ ሆኖ ከፊታቸው አለፈ። እሺ፣ ይሁን። እንደገና ከአንድ ጀመሩ። በመቶ አርባ አንደኛው የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ኦቦ ጃርሶ መጡ፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ሰልሳቢል ኪኒኑን ጉልበቱ እጥፍ በሆነው ቀይራዋለች። ኦቦ ቶኩማ የሰውየውን ፊት አዩና "ይሄማ የኦቦ ጃርሶ ነው፣ አውቀዋለሁ!" ብለው የኪኒኑን ፖስታ እንኳ ሳይከፍቱ ፈረሙ። ሰልሳቢል መድኃኒቱን ቀስ ብላ መለሰችና ደብተሯ ላይ "1" ብላ ጻፈች።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "ፊት ነው እንዴ የሚያነቡት? የታዘዘው ወረቀቱ ላይ ነው፣ ኦቦ ጃርሶ ግንባር ላይ አይደለም! እኔ ብሆን በአንድ ሳምንት ነበር የምጨርሰው!" አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ጠርገው መልሰው አደረጉት።

በማግሥቱ ሰልሳቢል በርጩማቸውን አዞረችው። ፊታቸው ወደ መደርደሪያው፣ ጀርባቸው ወደ ሕዝቡ! "ኦቦ ቶኩማ፣ ጣትዎን ማዘዣው ላይ ያድርጉ። ከታች ወደ ላይ ያንብቡ፤ ከላይ ሲጀምሩ ስሙን ያዩና ልብዎ ሰውየው ጋ ይሄዳል። መድኃኒቱን እኔ አስረክባለሁ" አለቻቸው። እሳቸው እንደ ተቀጣ ተማሪ ተቀመጡ።

ጉድ ፈላ! በኛ አገር ለሰው ጀርባ መስጠት ቀላል ነገር መሰላችሁ? ሰዉ እየመጣ ማጅራታቸውን "አከም ቡልተን?" ይላል፤ ማጅራት አይመልስም። አንዱ አፋቸው ተጣሞ ነው አለ። አንዷ ጥርሳቸውን ተነቅለው ነው አለች። ሌላው ሹመት አግኝተው ኮርተው ነው ብሎ አረፈው። ሹመት! በርጩማ ላይ ተቀምጦ! እሳቸው ግን እያንዳንዷን ሰላምታ ይሰማሉ፤ በሰሟት ቁጥር ትከሻቸው ሽቅብ ይላል።

በአራተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው ገቡ። መሪያቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኦቦ ጃርሶ። "ቶኩማ፣ ከሕዝቡ ያጣላህ ምንድነው? ልናስታርቅህ ነው የመጣነው" አሉ። ኦቦ ቶኩማ ማዘዣ ላይ ጣታቸውን እንዳደረጉ ናቸው፤ አልዞሩም። ሰልሳቢል ነገሩን ከሀ እስከ ፐ አስረዳች፤ የኦቦ ጃርሶን የተቀየረ ኪኒን ሳይቀር ነገረቻቸው። ኦቦ ጃርሶ ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ያዙ። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ወጥተው ግማሽ ሰዓት መከሩና ፍርድ ይዘው ተመለሱ። ቶኩማ ጠዋት በርጩማው ላይ ከመቀመጡ በፊት ደጅ ወጥቶ ወረፋውን አንድ በአንድ ሰላም ይበል። ከተቀመጠ በኋላ ጀርባውን ሰላም ያለ ሰው ግን ጥፋተኛው እሱ ራሱ ነው።

ሰልሳቢል ምን አደረገች? የአሠራር መመሪያው ላይ ጻፈችዋ! ተራ ቁጥር አራት፦ "አመሳካሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰላምታውን ያጠናቅቃል።" ማኅተም ተመታበት።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ሌላ ሰው ሆኑ። ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ደጅ ላይ ከብት ሳይቀር ይጠይቃሉ፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ይቀመጣሉ፣ በቃ፣ ዝም። ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ይሳባል። ሰልሳቢል ቀኑን ትቀይራለች፣ ያገኛሉ። ሽሮፑን ትቀይራለች፣ ያገኛሉ። ሃምሳ አለፉ፣ መቶ አለፉ፣ ያቺን መቶ አርባ አንድም አለፉ። እኔ በየማታው ስንት እንደደረሱ ለባሌ እነግረዋለሁ፤ እሱም እንደ ኳስ ጨዋታ ይጠይቀኛል።

ሰኔ ሠላሳ ደረሰ። አሥር ሰዓት ላይ ቁጥራቸው መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነው። አንድ ብቻ! ታዲያ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ወረፋው ባዶ ነው። ስንት ዓመት ሰው በዛ እያልን ስናማርር ኖረን፣ ያን ቀን "ምነው አንድ የሚያመው ሰው ጠፋ?" ብዬ ልጸልይ ምንም አልቀረኝም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ኦቦ ቶኩማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ባዶውን ትሪ ያያሉ።

ያኔ እናቴ ገባች። ወይዘሮ ጣቢታ ከእጃጂ ለቀጠሮ መጥታ ሐኪም ጋ ነበረች፤ ነጠላዋ በስብሷል፣ ማዘዣዋን በፌስታል ጠቅልላዋለች። ደስታዬ! እማዬ ስኳር አለባት፤ ኪኒኗን አራት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ ነው ያዘጋጀሁላት። ኦቦ ቶኩማም በቃላቸው ያውቁታል። "ኦቦ ቶኩማ፣ አይዞዎት፣ ሁለት መቶኛዋ ስጦታ ናት! የእማዬ ናት!" ብዬ ጮህኩ። ኪኒኑን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ፖስታው ላይ በሚያምር ጽሕፈት "ጠዋትና ማታ አንድ አንድ" ብዬ ጻፍኩ፣ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ።

ጣታቸውን አስቀመጡ። ከታች ወደ ላይ። ቆሙ። እንደገና ከታች ጀመሩ። "ኧረ ኦቦ ቶኩማ፣ የሚያውቁት መድኃኒት አይደል እንዴ!" አልኩ።

"አውቀዋለሁ" አሉና ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው ፖስታውን ሰረዙት።

አለቀላቸው አልኩ። ሰውየው ጭንቀቱ አናታቸው ላይ ወጥቶ ትክክለኛውን ስህተት ነው አሉ፤ ወደ አንድ ተመለሱ፣ መጋዘን ገቡ! ሰልሳቢል ደብተሯን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ "እኔ እዚህ ላይ ምንም አልከተትኩም" አለች። እኔማ ለቅሶ ቀረሽ ተናገርኳቸው። "በመጨረሻዋ? በእማዬ? ምን ነካዎት?"

ኦቦ ቶኩማ አልተቆጡም። ማዘዣውን ወደኔ አዙረው ጣታቸውን አንዲት መስመር ላይ አደረጉ። ጠዋት ብቻ፣ አንድ፣ ይላል። ሐኪሙ ያን ዕለት ቀንሶላታል፤ ስኳሯ እየወረደ ሁለቴ ጓሮ ወድቃለች፣ ለኔ አልነገረችኝም። እኔ ደግሞ ወረቀቱን አላነበብኩትም። እናቴ ናት፣ አውቃታለሁ ብዬ። እጃጂ ብቻዋን ነው የምታድረው።

ሰልሳቢል ደብተሯ ላይ "200" ብላ ጽፋ አሰመረችበት፤ ለኔ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበር! ኦቦ ቶኩማ ባዶ ፖስታ አቀበሉኝ፣ ኪኒኑን እንደገና ቆጥሬ "ጠዋት ብቻ" ብዬ ጻፍኩ፣ እንደገና አዩት፣ ፈረሙ።

ራሴ ይዤላት ወጣሁ። አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ፣ "እማዬ፣ ጠዋት ብቻ ነው፣ አንድ። እኔ ሁለቴ ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ኦቦ ቶኩማ ናቸው ያገኙት" አልኳት።

እማዬ ፖስታውን ተቀብላ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። "ሐኪሙም አንዴ ብሎኝ ነበር" አለች። "አንቺ ሁለቴ ብለሽ ብትሰጪኝ ግን ሁለቴ ነበር የምውጠው። ካንቺ በላይ ማንን አምናለሁ?"