የተደፋው የቀመር ወረቀት

አገር ቤት በአንድ ክፍል ሰባ ተማሪዎች ነበሩኝ። ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንዲት ብቻ ቀረችኝ፤ ልጄ። የምጽፈው ነገር ከሆነ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ለማንም አልተናገርሁትም።

ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። የሒሳብ ፈተናውን ካላለፈች ዩኒቨርሲቲ ከሚያደርሰው መስመር ወደ ዝቅተኛው እንደምትዛወር ሁለታችንም እናውቃለን። ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ ቅጠል ወረቀት ይዛ መጣች። የሲሊንደሩ፣ የሾጣጣው፣ የሉሉ ይዘትና የገጽታ ስፋት፣ ቀመሩ ሁሉ ታትሞበታል። በፈተናው ዕለትም መምህራኑ ራሳቸው ይህንኑ ወረቀት እንደሚያድሏቸው ነገረችኝ። አላመንኋትም፤ ባምናትም ለውጥ አልነበረውም። እኔ በእጁ ቀመር የተገኘበትን ተማሪ ከፈተና ያባረርሁ ሰው ነኝ። ወረቀቷን ቀደድሁት። ግድግዳ ሥር አቁሜ፣ ሁሉንም በአማርኛ፣ በቃሏ አስባልኋት። ስትሳሳት ከመጀመሪያው። ስታለቅስም ከመጀመሪያው።

«አይተሽ ከሠራሽ ልጄ አይደለሽም» አልኋት። ላታይ ቃል ገባች።

ወደቀች። መምህሯ፣ ትሑት ወጣት፣ ሁለታችንን አስጠራን። የመልስ ወረቀቷን ዘረጋልን፤ የሾጣጣውን የገጽታ ስፋት ስትፈልግ በጎኑ በሚወርደው ርዝመት ፈንታ ቀጥ ያለውን ቁመት አባዝታለች፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተበላሽቷል። በፈተናው ላይ የታደላትን የቀመር ወረቀት ተደፍቶ ቢያየው ሁለት ጊዜ ቀና አድርጎላት ሁለቴም መልሳ እንደ ደፋችው ነገረን። ምክንያት ካለ ቢገለጽለት እንደገና ሊፈትናት እንደሚችልም ጨመረ። እርሷ ወደ እኔ አየች። እርሱም ተከትሏት ወደ እኔ አየ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ነገር ግን ሃያ ዓመት ካስተማርሁ በኋላ በዚያ ወጣት ፊት የፈተናን ሥርዓት የማላውቅ ሆኜ መታየት አልሆነልኝም። በጥንቃቄ በመረጥሁት እንግሊዝኛ፣ ልጄ ቸልተኛ ናት አልሁት። የመዛወሪያውን ቅጽ እዚያው ፈረምሁ።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ማንም ሳይጠይቃት፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ የሾጣጣውን ቀመር ከፍ ባለ ድምፅ አለችው፤ አንዲት ቃል አልሳተችም። ቀጥላ የሉሉን። ተሳፋሪዎች ዞር ብለው አዩን።

«በቃሽ» አልኋት።

«አባዬ፣ ከመጀመሪያው ልበልልዎት?» አለችኝ። መልሴን አልጠበቀችም፤ እስክንወርድ ድረስ ከመጀመሪያው ትል ነበር።