የመንግሥት ምራቂ

ዛሬ ከሚሴ ግብር ቢሮ ሰልፉን ያቆምኩት እኔ ነኝ።

የማሽላ ሽያጬን ግብር የምትሞላልኝ ልጅ ከሒሳቡ ጫፍ ያለውን ስልሳ ሳንቲም ሙሉ ብር አደረገችው። «አርባ ሳንቲሙን ከየት አመጣሽው ልጄ?» አልኳት።

«ማጠጋጋት ነው አባባ። ይፈርሙ።»

«ወላሂ አልፈርምም፤ ዕዳዬ አይደለም።»

ከኋላዬ ያለው ሁሉ አጉረመረመ። ንቅንቅ አላልኩም።

«እርስዎ ማሽላ ሰፍረው ሲጨርሱ ከላይ ምራቂ አይጨምሩም?» አለችኝ።

«እጨምራለሁ። ሟች ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ያለ ምራቂ ሰው ሸኝታ አታውቅም። ግን ምራቂ ይለመናል እንጂ አይወሰድም።»

«እሺ፣ እባክዎ ምራቂ ይስጡን።»

ወጉ እንዲህ ነው። ፈረምኩ፤ ከራሴም አንድ ብር ጨመርኩላት። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም ብላ ብሩን መለሰችልኝ።

ምራቂ ይመለሳል እንዴ ብዬ ቆምኩ፤ ሰልፉም አብሮኝ ቆመ።

ምራቂ የተመለሰበት ሌላ ሰው አለ ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?