ማንም የማይደውልላት ሳጥን

ላምበረት፣ ማለዳ

ሸዋ ሮቢት የሄድኩት አንዲት አሮጌ ማሽን ልገዛ ነው። ለዘመድ ጥየቃ አይደለም፤ ለሥራም አይደለም። ባለቤቴ ሻንጣዬን አይታ፣ "ለእኔ እንዲህ ርቀህ ሄደህ ምን ገዝተህልኝ ታውቃለህ?" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ።

ማሽኗ የእጅ ኮምፒውተር ናት። የመነጽር ማኅደር ታህላለች፤ እንደ መጽሐፍ ትከፈታለች፤ ከላይ ግራጫ ስክሪን፣ ከታች የእውነት የሚጫኑ ቁልፎች አሏት። አምራቿ መሥራት ካቆመ ዘመን አልፎታል። እኔ ግን አንዷን እስከ ዛሬ በየቀኑ እጠቀምባታለሁ። ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ የማገኘውን ስህተት፣ ቀጠሮዬን፣ ይህንንም የጉዞ ማስታወሻ የምጽፈው በእሷ ነው። የእኛን ፊደል ስለማታውቅ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፍኩ ቤት ስገባ እገለብጠዋለሁ። ሞኝነት ነው የሚለኝ ሰው አጥቼ አላውቅም።

አዲስ አበባ ውስጥ እንደ እኔ ያሉ ሞኞች አራት ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ መርካቶ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ እንገናኛለን። ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነው፤ "ስልክ እያለ?" አንዳችን ቁልፎቿን ይወዳል። ሌላው ገና ክዳኗ ሲነሳ መንቃቷን ያደንቃል። ሌላው ደግሞ በሁለት ትናንሽ የባትሪ ድንጋይ ሳምንታት መቆየቷን እየማለ ይናገራል። እኔ የረባ መልስ አልነበረኝም። እወዳታለሁ፣ በቃ።

አንድ በሽታ ግን አለባት። ስክሪኑን ከታችኛው አካሏ ጋር የሚያገናኝ ስስ፣ ጠፍጣፋ ገመድ በማጠፊያዋ በኩል ያልፋል። በተከፈተችና በተዘጋች ቁጥር ይታጠፋል፤ አንድ ቀን ይበጠሳል። ያን ጊዜ ልቧ እየመታ ዓይኗ ይጠፋል። የእኔዋ ገመድ መሳሳት ከጀመረ ቆይቷል፤ መለዋወጫ ደግሞ የትም አይሸጥም። ሰሞኑን ከቁራሌው ሸክም ውስጥ አንዲት የሞተች አግኝተን፣ ከሆዷ ደህና ገመድ አወጣንና ዕጣ ተጣጣልን። ለእኔ ወጣ።

በዚህ መሃል ከአራታችን አንዱ፣ ሽንኩርት ነጋዴው ደረጀ፣ ከሸዋ ሮቢት ተመልሶ "የአንተዋን መንትያ እርሻ ውስጥ አየኋት" አለኝ። ጋሼ ሙሄ የሚባሉ ሰው ይዘዋታል። "ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጥሩ ዋጋ ከሰጠሃቸው ይሸጡልሃል።" እሷን ካገኘሁ ለዕድሜ ልክ የሚበቃ መለዋወጫ ይኖረኛል ብዬ አሰብኩ። ገመዷን በወረቀት ጠቅልዬ ሻንጣዬ ሥር ከተትኩና ላምበረት መናኸሪያ ሄጄ ሃይሩፍ ሚኒባስ ያዝኩ። የትራንስፖርቱን ዋጋ አልጽፍም፤ እናንተ እስክታነቡት ይጨምራል።

ቁልቁለቱ

ደብረ ብርሃን ላይ ጃኬታችንን እስከ አገጫችን ቆልፈን ነበር። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ የተሳፋሪው ወሬ ቆመ፤ ወጥተን ከታች ገደሉን ስናይ ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመረ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። እኔም ገዛሁ፤ እዚያ ቆሞ ቆሎ ያልገዛ ሰው አልፌያለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ይህን ስጽፍ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አንገታቸውን አስግገው አዩኝ።

"ካልኩሌተር ነው?"

"ኮምፒውተር ነው እትዬ።"

"ልጅህ ጥሎት ነው?"

"የራሴ ነው።"

"አይዞህ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሃል" ብለው ከቆሎአቸው ዘገኑልኝ።

ከአርማንያ በታች ጃኬቱ ወለቀ። ቀጥሎ ሹራቡ ወለቀ። ሸዋ ሮቢት ስንገባ በተከፈተው በር የገባው አየር ከዳቦ ምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ሸዋ ሮቢት፣ ረፋድ

መጀመሪያ አንዲት ሱቅ ገብቼ ትንሿን የባትሪ ድንጋይ ጠየቅሁ። ባለሱቁ "ለሪሞት ነው?" ብሎ ሳያይ አቀበለኝ። እዚህ አገር ስልክ ቻርጅ ለማድረግ መብራት መጠበቅ አለ፤ የሪሞት ድንጋይ ግን የሌለው ሱቅ የለም። ይህን በልቤ ለማኅበርተኞቼ ያዝኩላቸው።

ባጃጅ ነጂው ጋሼ ሙሄን ስጠይቀው "የውሃ አባቱን ነዋ!" አለና ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ይዞኝ ከነፈ። የውሃ አባት ማለት የመስኖ ገበሬዎች የሚመርጡት ዳኛ ነው። ቦዩ ለማን እርሻ እንደሚከፈት፣ መቼ ተከፍቶ መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው እሱ ነው። በግራም በቀኝም ሽንኩርት፣ ፓፓያና ማንጎ እያየሁ፣ ያየሁትን ልጽፍ ማሽኔን ከፈትኳት።

ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ድንጋዩን ቀየርኩ። ምንም የለም። ገመዷ ተበጠሰ ብዬ በሁለት እጄ አቀፍኳት፤ ለካ ሰው ለዕቃም እንዲህ ያዝናል። ደግነቱ መለዋወጫው አብሮኝ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ከማንጎው ሥር

የደረስኩት ጭቅጭቅ መሃል ነው። ከአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር፣ ሽርጥ ያገለደሙ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ተቀምጠዋል። እጃቸው ላይ የእኔዋ መንትያ አለች፤ ክዳኗ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ በባጃጅ ከመነዳሪ ቁራጭ ታስሯል። አካፋ የያዙ ሁለት ገበሬዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ አንዷ እትዬ የሺመቤት ናቸው፣ ሌላው ሰይድ የሚባል ጎልማሳ። ቦዩ በሁለቱም እርሻ ላይ ተዘግቶ ውሃው ወደ ወንዙ እየተመለሰ ነው።

"ስሙ ይታየኛል" አሉ ጋሼ ሙሄ ክዳኗን እያጋደሉ። "ሰዓቱ ነው እምቢ ያለኝ።"

እትዬ የሺመቤት አካፋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ጋሼ ሙሄ፣ ሽንኩርቴ ራስ እየቋጠረ ነው። ዛሬ ካልጠጣ የለም በሉት። ጠዋቱ የኔ ነበረ።"

"የእኔስ ሽንኩርት ሣር ነው?" አለ ሰይድ። "ጠዋቱ የኔ ነው፣ ወላሂ።"

"ሁለታችሁም ዝም በሉ። በግምት ውሃ አልከፍትም። ዛሬ በግምት ከከፈትኩ ነገ ማን ይሰማኛል?"

ጠጋ ብዬ ሰላም አልኩና ማሽኔን አሳየኋቸው። የጋሼ ሙሄ ፊት በራ። "ማሻአላህ! እህቷ መጣች!"

"ሞታብኛለች ጋሼ። አሁን መንገድ ላይ።"

ተቀብለው ጥቁረቷን አዩ። "ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከአዲስ አበባ።"

"ደጋ ለምዳ ነዋ!" ብለው ሳቁ። ፌስታል ውስጥ ከተቷትና፣ እርጥብ ጆንያ ከተጠቀለለ የመጠጥ ውሃ ጀሪካን ጋር አስጠግተው ያዟት። ትንሽ ቆይተው ሲያወጧት ጥቁረቱ ከዳር መሳሳት ጀመረ፤ ከሥሩ የጻፍኩት የደብረ ሲና ቆሎ ብቅ አለ። "ሙቀት ሲበዛባት ትጠቁራለች። የገመዷ በሽታ እንዲህ አይደለም። ይኸው የእኔዋን እይ።"

አየሁ። የስክሪኗ የቀኝ ግማሽ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ስሞቹ በግራ ተደርድረዋል፤ ሰዓቶቹ የነበሩበት ባዶ ነው።

"ስልክ የለዎትም?" አልኳቸው።

"ልጄ ገዝቶልኛል" ብለው ከኪሳቸው አወጡ። በዚያ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ የታየው የራሳቸው ፊት ብቻ ነበር። የሁለቱ እህትማማች ማሽኖች ግራጫ ስክሪን ግን ፀሐይ ሲያርፍበት ይበልጥ ይጠራል። እያየን እያለ ስልኩ ጮኸ። አላነሱትም።

"የአክስቴ ልጅ ነው። ውሃ ሊለምነኝ ነው። ተራውን በስልክ ብይዘው ተራው ራሱ ይደወልለታል። ያንዱን ስም ሳነብ የሌላው ስም እየጮኸ ይገባብኛል። ይህችን ሳጥን ግን ማንም አይደውልላት። የጻፍኩባትን ብቻ ነው የምትለኝ። እስላሙም ክርስቲያኑም 'ሳጥኗ ምን አለች?' ነው የሚለው፤ 'ሙሄ ምን አለ?' አይልም። እኔም ተገላገልኩ።"

ቅዳሜ ቅዳሜ መርካቶ ስንፈልገው የኖርነው መልስ ይህ ነበር። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ወዲያው ግን ሻንጣዬ ሥር ያለችው ገመድ ትዝ አለችኝና ደስታዬ ከፊሉ ሄደ። ሁለት ታማሚ አለ፤ መድኃኒቱ አንድ ነው። የእኔዋ ዛሬ ዳነች እንጂ ገመዷ ሳስቷል። ሰዎቹ ደግሞ ሻንጣዬ ውስጥ ገመድ መኖሩን አያውቁም፤ ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም። ወደ ቦዩ ስዞር ውሃው ማንንም ሳይጠቅም ሲሄድ አየሁ። ሻንጣዬን ፈታሁ።

"ይችን ላስገባልዎ።"

ጋሼ ሙሄ ገመዷን አይተው ወዲያው አወቋት። "የማን ናት?"

"ለእኔዋ ያመጣኋት ናት። የእኔዋ ትቆያለች።"

"ትቆያለች?"

"ውሃው ይሻላል ጋሼ።"

ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድንጋዮቹ ሲወጡ የተጻፈውን ሁሉ የምትጠብቀው አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ ናት፤ እሷ ከደከመች ተራው በሙሉ ይጠፋል። ሳያት ደህና ነበረች። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን ዘርግተው አቧራና ፀሐይ ከለከሉልኝ። ሰይድ ትንንሾቹን ብሎኖች በመዳፉ ያዘ፤ እንዳይወድቁ ብሎ ትንፋሹን ጭምር ቆጠበ። አሮጌዋን ገመድ አውጥቼ አዲሷን አስገባሁ። ጋሼ ሙሄ "ቢስሚላህ" ብለው ከፈቷት።

ስክሪኗ ሙሉ ነበር።

"የሺመቤት፣ ከጠዋት እስከ ዙሁር" ብለው አነበቡ። "ሰይድ፣ ከዙሁር በኋላ።"

ልክ ያን ጊዜ ከወዲያ ካለው መስጊድ የቀትሩ፣ የዙሁር አዛን ተሰማ። የእትዬ የሺመቤት ተራ ስንጨቃጨቅና ስንፈታ አልቋል። እትዬ የሺመቤት አካፋቸውን አነሱ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሰይድ ብሎኖቹን የያዘበትን መዳፉን ሲያይ ቆየ።

"ትጠጣ" አለ በመጨረሻ። "እኔ ከዐሱር በኋላ፣ ፀሐይ ዘንበል ሲል እቀበላለሁ።" ቦዩ ሊከፈት ሲል ደግሞ ዞር ብሎ "ግን ይጻፍልኝ!" አለ።

ጋሼ ሙሄ ጻፉለት። ውሃው ወደ እትዬ የሺመቤት ሽንኩርት ሲዞር እንደ ልጅ አብሬው ሮጥኩ።

ጀውሃ፣ ምሳ

ጋሼ ሙሄ ሰግደው ሲጨርሱ ጀውሃ ወሰዱኝ። ምግብ ቤቱ በከባድ መኪና ሾፌሮች ተሞልቷል። ጾም ስለነበር በየዓይነቱ አዘዝን፤ ለሁለታችንም የሚሆን ማዕድ ነው። ማሽኗን የሰጧቸው ድሮ መስኖ ሊያጠኑ የመጡ ባለሙያዎች እንደሆኑ፣ ቁጥር እየመዘገቡ ሲያግዟቸው ቆይተው ሥራው ሲያልቅ እንደተዉላቸው ነገሩኝ።

"ለመሆኑ ምን ልታደርግ ነበር የመጣኸው?"

"ማሽኗን ላያት" አልኩ።

"ልትገዛ ነው። ያ ደረጀ ደውሎ ነግሮኛል" አሉና ሳቁብኝ። ነጋዴ መቼ ምስጢር ይይዛል!

ከምሳ በኋላ አንድ ነገር ልላክልህ አሉኝ። እነዚህ ማሽኖች በኔትወርክ አይላላኩም። ጎናቸው ላይ ባለች ትንሽ ጥቁር መስኮት የማይታይ ብርሃን ይልካሉ፤ ለዚያም ባለቤቶቻቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ፣ ማሽኖቹም ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። ሳህኑን ገፋ አድርገን አስተያየናቸው። የእኔዋ ጢጥ አለች። የደረሰኝ የቀጠሮ ደወል ነው፤ የሽንኩርቱ ማንሻ ካለፈ በኋላ ባለ ቀን ላይ "ገመድ። ተራህ" ይላል።

"ገመዷ እንደ ውሃ ናት" አሉ። "እኔ ጠጥቼ ቦዩን አልዘጋብህም። ሽንኩርቱ ሲነሳ ያንተ ተራ ነው። ደወሉ ሲጮህ መጥተህ ትወስዳለህ።"

ቤት

ማታ አንድ ፌስታል ማንጎ ይዤ ገባሁ። ባለቤቴ "ገዛህ?" አለችኝ።

"አልገዛሁም። የነበረኝንም ሰጥቼ መጣሁ።"

ማንጎውን እያጠበች ሳቀች። "ጉዞ እንዲህ ነው የሚያምረው" አለች።

ለማኅበርተኞቼ ሁሉን ነገርኳቸው። አሮጌ ዕቃ የምንይዘው ስላረጀ መስሎኝ ነበር፤ ወይም እኛ ስላረጀን። ሸዋ ሮቢት ላይ የገባኝ ሌላ ነው። አንዲት ሥራ ብቻ የምታውቅ፣ ማንም የማያባብላት ዕቃ ሰው ሊያምናት ይችላል። እኔም የማምናት ለዚህ ነው፤ ስህተት ሳርም መሃል ላይ ደውሎ የሚያሳስተኝ የለም።

ከፋሲካ በኋላ የእኔዋ ስክሪን ጠፋ። ሙቀት ይሆናል ብዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከወጥ ድስቱ ጎን ሁሉ አስቀምጬ ሞከርኩ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። አልነቃችም። ይህኛው በሽታ የገመዷ ነበር። ቢሆንም ከኪሴ አላወጣኋትም።

አንድ ጠዋት ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ ጮኸች። ስክሪኗ ላይ ምንም አይታይም። የምትለውን ግን አውቄዋለሁ። ለጋሼ ሙሄ ደወልኩ።

"ተራህ ደረሰ አይደል?" አሉኝ ገና ሰላም ሳንባባል። የእሳቸውም ጮኻለች። "ሽንኩርቱ አልሐምዱሊላህ ተነሳ። የየሺም የሰይድም አማረ። ና ውሰድ።"

"አሁን እርሻው ላይ ምን አለ ጋሼ?"

"ማሾ ዘርተናል። ዝናቡ ዘግይቷል። ይህ ግን ያንተን ተራ አይነካም፤ ና።"

ጥቁሯን ማሽን በእጄ ይዤ ክዳኗን ከፈት ዘጋ አደረግሁ።

"ተራዬን ለማሾው ሰጥቻለሁ" አልኩ።

"ወላሂ?"

"አዎ። ግን ይጻፍልኝ።"

ሳቃቸው ሲያልቅ ስልኩን መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ተሰማኝ። ከዚያ የሳጥኗ ቁልፎች አንድ በአንድ ሲጫኑ ሰማሁ።