በወፍጮ ቤቱ ደጅ የተሠራ መንገድ

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ነቀምቴ ገበያ ከአባቴ እህት ጋር ቅቤ እሸጥ ነበር፤ እንደ አገሩ ሰው አዳዳ ነበር የምላት። ቀበሌው ባዶ የተገኘ መደብ ለሌላ ይሰጣል ብሎ ነበርና፣ አዳዳ እስከ ቅዳሜ ቅቤ ካላመጣች መደቧ ሊወሰድ ነው።

ነዳጅ በኩፖን ነበር። ለሦስት ነጋዴ አንድ የጭነት መኪና ደረሰን፤ ለአዳዳ፣ ለጎጃሜዋ ጨው ሻጭና ለጉራጌው ጨርቅ ነጋዴ። ጨው ሻጯ በቀበሌ ስብሰባ ላይ አዳዳን «አሻጥረኛ! ቅቤ ደብቃለች!» ብላታለች፤ ጨርቅ ነጋዴውም አጨብጭቧል። ከዚያ ወዲህ ሦስቱ አይነጋገሩም።

ሾፌሩ መላ ፈጠረ። ገበያው አጠገብ ባለው ወፍጮ ቤት ደጅ፣ አግዳሚ ላይ ትሪ አኖረና በአራት ቆርኪ ላይ የምንዞርባቸውን ከተሞች ስም ጻፈ፤ ኡኬ፣ ስሬ፣ ጉትን፣ አያና ብሎ በምንደርስባቸው ተራ ደረደራቸው።

«ስድባችሁን አልሰማም» አለ። «የሚያልፍ ሁለት ቆርኪ ያቀያይር። ለብዙዎቻችሁ ከተሻለ ይቆያል፣ ከባሰ እመልሰዋለሁ።»

ጨርቅ ነጋዴው ስሬን አስቀደመ፤ ስሬ በሌላ አቅጣጫ ነውና መመላለሱ ቀረ። ጨው ሻጯ ደግሞ አያናን ከኡኬ ጋር አቀያየረች፤ የአያና ገበያ ከጉትን ቀድሞ ነው የሚቆመው። ደግ። ግን አዳዳ ቅቤዋን የምትገዛው አያና ነው፤ ከዚያ ተጭኖ ጉትን ቆላ ቀኑን ሙሉ ሊውል ነው። እየተናደደች አያናን መጨረሻ አደረገችው። ሾፌሩ መለሰው።

«አዳዳ፣» አላት፣ «ገበያው ከተበተነ ደርሰን ለማን እንሸጣለን?»

«እኔ ቅቤውን ከየቤቱ እለቅማለሁ!»

«እነሱስ ጨውና ጨርቁን በየቤቱ ያዙሩ?»

ልጄ ኮምፒውተር ተምሯል። ዛሬ ትንንሽ ፕሮግራሞች እንዲህ ይሠራሉ ይለኛል፤ አንዱ የሚችለውን ያሻሽልና የጋራ ቦታ ላይ ያኖራል፣ ሌላው ካቆመበት ያነሣል፣ የብዙ ከተማ መንገድ ሳይቀር ያቃናሉ። «መተባበር ነው እማዬ» ይላል። እሱ መተባበር የሚለውን እኔ ጥርስ ማፋጨት ብዬ ነው የማውቀው።

ጨው ሻጯን ለመንኋት። «እትዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አያናን ለመጨረሻ ይተዉልን።»

«የደበቃችሁትን አውጡና ሽጡ!» አለችኝ፤ ጨውዋን መስፈሯንም አላቆመች።

አያና የገዛነውን ቅቤ በኮባ ጠቅልለን፣ እርጥብ ጆንያ አለበስነው። ጉትን ላይ ጨርቅ ነጋዴው የመጨረሻዋን ክንድ ሳይለካ አልነሣም አለ። ቅቤው ቀለጠ፣ በመኪናው ጣውላ መሃል ወደ መሬት ወረደ። ጨው ሻጯ ወደኔ ሳትዞር ለሾፌሩ «ጎማህ ተቀባ፣ ፀጉሩን ሹሩባ ሥራለት!» አለችው። ሾፌሩ ሳቀ።

መንገዱ ግን ልክ ነበር፤ ነዳጁም ተረፈ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ትሪው ላይ ማንም አልተሳሳተም።

ቅዳሜ መደባችን ባዶ ዋለ፤ ቀበሌውም ለሌላ ሰጠው። አዳዳ በማግሥቱ ሚዛኗን ሸጠች። ከዚያ ኡኬ ወርዳ አንድ ክፍል ተከራየች፣ ለመንገደኛ ዳቦ እየጋገረች መሸጥ ጀመረች።